«ባዶ እጄን እንዴት ልግባ?»

በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲጋመስ ያው ክርክር ይነሣል። አንዱ የገና ዛፍ፣ የገና አባትና በሚያብረቀርቅ ወረቀት የተጠቀለለ ስጦታ ከፈረንጅ የተቀዳ ነው፤ የእኛ ገና ጾም፣ ማኅሌት፣ የገና ጨዋታና የጾም መፍቻ ብቻ ነበር ይላል። ሌላው ልጆች ቢደሰቱ ማንን ጎዳ ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ ለአዲስ አበባ ባዛር ይስማማ ይሆናል። ከመተማ ማዶ፣ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ለሚኖር ሐበሻ ግን ጭንቁ ሌላ ነው። ዘንድሮ ለቤት ምን እልካለሁ? የምልከው ካጣሁስ በምን ፊቴ እደውላለሁ? አገሬ ልግባ ብልስ ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ?

«ገና በእኛ ዘንድ የስጦታ በዓል አይደለም» የሚለው አባባል ስለዚህ ግማሽ እውነት ነው። በወረቀት አንጠቀልለውም፤ ስጦታ ብለንም አንጠራውም። ነገር ግን በገና ሰሞን ከቤተሰብ ለቤተሰብ የሚላክ ነገር በገላባትና በመተማ ድንበር በኩል ሲያልፍ ዘመናት ተቆጥረዋል። ስም ስላላወጣንለት ልክ አላበጀንለትም። ልክ በማጣቱም ስደት ላይ ላለው ልጅ የገዛ ቤቱ መግቢያ ቀረጥ ሆኖበታል። እኔ እንደሚገባኝ ችግሩ ያለው በሚሰጠው ዘንድ አይደለም፤ ተቀብሎ «ይኸው ነው?» በሚለው፣ ወይም ባይልም እንደሚል በሚታሰበው ዘንድ ነው።

አንድ ማዳበሪያ

በ2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ገዳሪፍ ነበርሁ። ገበያው አጠገብ ቡናና ሻይ የምትሸጥ አንዲት የጭልጋ ልጅ ወደ አገር ቤት የሚላክ ማዳበሪያ ስታሰናዳ ቁጭ ብዬ አየሁ። ከታች ስኳር አደረገች፤ ከስኳሩ ላይ ሳሙና፣ ከሳሙናው ላይ ብስኩት። ጥቂት አሰብ አደረገችና ብስኩቱ የሳሙና ሽታ እንዳይወስድ መልሳ አውጥታ በፌስታል ደርባ ጠቀለለችው። ካርካዴ በወረቀት፣ አንድ ብልቃጥ የሱዳን ሽቶ፣ ለታናሽ ወንድሟ ጫማ። የልጁን እግር የምታውቀው ከሦስት ዓመት በፊት ጥላው ስትወጣ በነበረበት ልክ ነው፤ ስለዚህ በዓመት አንድ ቁጥር እያሰላች ሦስት ቁጥር ጨምራለች። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የባለቤቱን ስም በእስክሪብቶ የጻፈችበት ወረቀት ለጠፈች። ከሁሉ በላይ የተቀመጠው ለእናቷ የገዛችው ቶብ ነበር፤ ሱዳናውያን ሴቶች ከራስ እስከ እግራቸው የሚጠቀለሉበት ያ ስስ ረጅም ጨርቅ።

«እናትሽ ቶብ ይለብሳሉ እንዴ?» አልኋት።

«ጭልጋ ማን ቶብ ይለብሳል? ከሱዳን መምጣቱ ይታወቅ ብዬ ነው እንጂ» ብላ ሳቀች።

ዕቃውን የሚያደርሰው ሰሊጥ ሲያጭድ ከርሞ ወደ አገሩ የሚመለስ ጎረምሳ ነበር። እርስዋስ ለምን አብራው አትሄድም? ጠየቅኋት። «እጄ ሲሞላ» አለች። እጇ ያን ዕለት ሳሙናውን፣ ጫማውንና ቶቡን ገዝቶ ባዶ ቀርቷል። ለበዓሉ መሄድ ትችልበት የነበረውን ገንዘብ ለበዓሉ ላከችው ማለት ነው። ይህ የአንዲት ሴት የዋህነት አልመሰለኝም፤ የመላው አካባቢ ስሌት ነው።

የሰሊጥ ገንዘብ የሚደርስበት ወር

ስሌቱ ከእርሻው ጋር የተሳሰረ ነው። የገዳሪፍ ሜዳ ዝናብ ሲመታው የሚጣበቅ፣ በጋ ሲሆን የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈር ነው። እንግሊዞች በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የትራክተር እርሻ ከጀመሩበት ጊዜ ወዲህ ማሽላና ሰሊጥ ይታረስበታል፤ ከተማው የሱዳን ትልቁ የሰሊጥ ገበያ ነው። ማረሱን ትራክተር ይሠራዋል። ሰሊጡን ማጨድ ግን የሰው እጅ ይፈልጋል፤ ያውም በአንድ ጊዜ ብዙ እጅ። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬውን ያቀፈው ከረጢት ተሰንጥቆ መሬት ላይ ይረግፋል። ለዚህ ነው ከጎንደር፣ ከጎጃምና ከወሎ ደጋ የሚነሣው ወጣት በክረምት ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለአጨዳ ወደ መተማ ቆላ ወርዶ ከፊሉ ድንበሩን የሚሻገረው። ኅዳር ላይ የታጨደው ይራገፋል፤ ሒሳብ ይሠራል። ማሽላውን ለመሰብሰብ ያልቀረ ሰው ገንዘቡን ቋጥሮ ወደ ደጋ ፊቱን የሚያዞረው የነቢያት ጾም ሊፈታ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ነው። ከገና በኋላ ደግሞ በ12 ወይም በ13 ቀን ልዩነት ጥምቀት አለ፤ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚል ሕዝብ አዲሱን ልብስ መቼ እንደሚጠብቅ ግልጽ ነው። እንግዲህ ገናን የስጦታ በዓል ያደረገው ፈረንጅ ሳይሆን ሰሊጥ ነው ብል ብዙ አላጋነንሁም።

ከገንዘቡ ጋር አብሮ የሚመጣ ሌላ ነገርም አለ። ወባና ካላዛር። የገዳሪፍና የመተማ ቆላ ካላዛር ከሚበረታባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የሕክምናና የምርምር ማዕከል እስከማቋቋም ደርሷል። ሆዱ አብጦ፣ ሰውነቱ አልቆ የተመለሰ ልጅ ማዳበሪያ አይሸከምም። እርሱን ቤት እንዴት እንደሚቀበለው ማየት ስለ ገና ስጦታ ከሚጻፈው ሁሉ በላይ ያስተምራል።

አክፋይና ሙልሙል

ስጦታው ባዕድ ነው የሚሉት ወገኖች አንድ እውነት አላቸው። በቤት ውስጥ፣ በተለይም ከወላጅ ወደ ልጅ የሚፈስ የገና ስጦታ በምዕራቡ ዓለም ራሱ ጥንታዊ አይደለም፤ አሁን በምናውቀው መልኩ የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ ከተሞች፣ ከሱቅና ከፋብሪካ መስፋፋት ጋር ነው። እነርሱ ራሳቸው ትናንት የጀመሩትን እኛ ዛሬ እንደ ዶግማ መቅዳት የለብንም የሚለው ክርክር ያስኬዳል። ከዚያ ተነሥቶ «በቤተሰብ መካከል በበዓል መሰጣጣት ባህላችን አይደለም» ማለት ግን የገዛ ጓዳን አለማወቅ ነው። በፋሲካ ልጅ ለወላጆቹ፣ አማች ለአማቶቹ፣ የክርስትና ልጅ ለክርስትና አባቱ ዳቦም ሆነ ዶሮ ይዞ የሚሄድበት አክፋይ አለ። በቡሄ ደግሞ ሙልሙሉ ከትልቅ ወደ ትንሽ፣ ከክርስትና አባት ወደ ክርስትና ልጅ ይወርዳል።

ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ሳስቀምጣቸው የሚታየኝ ነገር ልካቸው ነው። ሙልሙል ሙልሙል ነው። የናጠጠው ነጋዴም፣ ጥማድ በሬ የሌለው ገበሬም የሚሰጠው አንድ ሙልሙል ነው። አክፋይም ቢሆን ሁሉም የሚያውቀው መጠን አለው፤ ድሃ ልጅ ዳቦ ይዞ ቢሄድ ማንም አይስቅበትም፤ ተቀባዩም ይመርቃል፣ ያበላል፣ ያጠጣል። የሰጪው እጅ ባዶ ሆኖ ወደ ቤቱ አይመለስም። የገዳሪፉ ማዳበሪያ ይህ ልክ የለውም። ስኳር የላከ በሚቀጥለው ዓመት ስልክ ይጠበቅበታል፤ ስልክ የላከ የቤት ቆርቆሮ። የጎረቤት ልጅ ከሳዑዲ ወይም ከአሜሪካ ሲልክ ደግሞ የገዳሪፉ ልጅ ሻይ እየቀዳ ከሪያድ ጋር ይወዳደራል። (ገዳሪፍ ለብዙዎች መድረሻ ሳይሆን ማለፊያ መሆኑን አንርሳ። በደርግ ዘመን በተዋዋና በኡም ራኩባ መጠለያዎች ያለፉ ብዙዎች ዛሬ አሜሪካ ናቸው፤ አገር ቤት የቀረው ዘመድ ግን «ሱዳን ወጣ» ሲባል መጨረሻውን እንጂ መካከሉን አያይም።)

ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው ዝነኛ ጥናቱ ስጦታ ሦስት ግዴታ አለበት ብሎ ነበር፤ መስጠት፣ መቀበልና መመለስ። ይህን ለመረዳት የእኛ ሰው መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ «ብድር ይመልስ» ሲል ያድራል። ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ መከራከሪያም ከዚሁ ይመነጫል። ልጁን ለማሳደግ ቤተሰቡ ደክሟል፤ ለመንገዱ በሬ ተሸጧል፣ የእናት ጉትቻ ተሸጧል፣ ደላላ ተከፍሏል፤ የሚላከው ስጦታ ሳይሆን የብድር መልስ ነው ይላሉ። እቀበላለሁ። ብድር ግን መጠን አለው፤ ተከፍሎ ያልቃል። የትኛው ቤት ነው በሬው ተመልሷልና ከእንግዲህ ዝም ብለሽ ነዪ ያለው?

የቅዳም ሹር ጦርነት

ይህ ሁሉ ጉድለት በሰላሙ ጊዜ በማዳበሪያው ተሸፍኖ ኖረ። ሽፋኑን የገለጠው የካርቱም ጦርነት የተጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ለኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዕለቱ ቅዳም ሹር ነበር፤ በማግሥቱ ፋሲካ። ለአክፋይ ዶሮ የገዛ ሰው ዶሮውን ትቶ ሸሸ። በመተማ በኩል ከተሻገሩት መካከል እጅግ ብዙዎቹ ሱዳን ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ከዓመታት ልፋት በኋላ በእጃቸው ፌስታል፣ ሲበዛ አንድ ሻንጣ ይዘው። ገዳሪፍ በመንግሥት ጦር እጅ ስለቀረ ደግሞ ከካርቱም የሸሹት ብዙዎች እዚያው ተጠለሉ። በታኅሣሥ 8 ቀን 2016 ዓ.ም. ወድ መደኒ ከመንግሥት ጦር ጋር በሚዋጋው ፈጥኖ ደራሽ ኃይል ስትያዝ ሌላ የተፈናቃይ ጎርፍ ተጨመረ። ገና በዚያ ዓመት የዋለው ታኅሣሥ 28 ነበር፤ ልክ በ20 ቀኑ።

ገንዘቡም ከዳ። ጦርነቱ ሲጀመር አንድ ዶላር ከ600 የሱዳን ፓውንድ በታች ይመነዘር ነበር፤ በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ በጥቁር ገበያ ከ2,000 አልፎ ሄደ። ከዚህኛው ወገን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆነ፤ የበዓሉ ዘይትና ዶሮም ተከትሎ ወጣ። ገዳሪፍ ያለችው ሴት የምታገኘው ፓውንድ ሲቀልል፣ አገር ቤት የሚጠበቅባት ብር ከበደ። የሰሊጥ ሥራው ራሱ ነዳጅና ባለሀብት አጥቶ ተንገዳግዷል። ሻይ የምትሸጥ ሐበሻ ደግሞ ከሻውን፣ ማለትም የፖሊስን አፈሳ፣ ሰላም በነበረበት ጊዜም አታመልጠውም ነበር።

የሚደንቀው መላኩ አለመቆሙ ነው። ማዳበሪያው ቀርቶ በምትኩ ስልክ ገባ። ገዳሪፍ ያለው ሰው ባንካክ በሚባለው የሱዳን የስልክ ባንክ ለነጋዴ ፓውንድ ያስተላልፋል፤ ነጋዴው መተማ ወይም ጎንደር ባለ ወኪሉ በኩል ለቤተሰቡ ብር ያስገባል። ይህን የሚያደንቅ ሰው አያለሁ። ገንዘብ ከዕቃ ይሻላል፣ ተቀባዩ የሚሻውን ይገዛበታል ይላል። ከምጣኔ ሀብት ምሁራንም ደጋፊ አያጣም። ጆኤል ዋልድፎገል የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣው ጥናት የገና ስጦታ ተቀባዮች ዕቃውን የሚገምቱት ከተገዛበት ዋጋ ከአንድ አሥረኛ እስከ አንድ ሦስተኛ አሳንሰው መሆኑን አሳይቷል፤ ጭልጋ የተላከው ቶብ ለዚህ የተመቸ ምሳሌ ነው። ሆኖም ገንዘቡ ዕቃው የማያደርገውን አንድ ክፉ ነገር ያደርጋል። ሦስት ቁጥር የተጨመረበት ጫማ ሰፋም ጠበበም እህቱ ስለ እግሩ ስታስብ እንደነበር ለልጁ ይነግረዋል። 3,000 ብር ግን 3,000 ብር ነው፤ የሚነጻጸረው ከአምናው 5,000 ጋር ብቻ ነው።

የሚያስቀራቸው መንገዱ ነው ወይስ ኀፍረቱ?

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ሰው ከገዳሪፍ የማይመለሰው ባዶ እጁን አፍሮ ሳይሆን መንገዱን ፈርቶ ነው፤ ከመተማ እስከ ጎንደር እገታ አለ፣ ውጊያ አለ፤ በ2016 መጨረሻ ገላባት ላይ መሻገሪያው ራሱ ተዘግቶ ነበር፤ አንተ ስለ ስጦታ ታወራለህ ይሉኛል። መንገዱ የመጀመሪያው ምክንያት መሆኑን አልክድም። ታጋች የሚያስለቅቅ ገንዘብ ተጠይቆ ያለውን ሁሉ የሸጠ ቤተሰብ በዚያ መስመር ብዙ ነው። ግን መንገዱ የማይመልስልኝ ጥያቄ አለኝ። ድንበሩን ተሻግረው፣ መተማን አልፈው ገንዳ ውሃ፣ ማለትም ሸኸዲ ከደረሱ በኋላ ወራት የሚቀመጡትስ? በቀን ሥራ፣ በምግብ ቤት፣ በሰው እርሻ እየሠሩ «ትንሽ ልያዝና» የሚሉትን አነጋግሬአለሁ። ከቤታቸው የሚለያቸው የግማሽ ቀን መንገድ ነው፤ ጎረቤት እንኳ እንዲያያቸው አይፈልጉም። አንዱ ጎልማሳ ለሚስቱ አሁንም ከሱዳን እንደሚደውል አድርጎ ያወራት ነበር፤ በድምፅ ማጉያ የሚለቀቅ የበዓል ዘፈን ከኋላው ሲሰማ ስልኩን ዘጋ።

የቤተሰቡንም ወገን መስማት ተገቢ ነው። አገር ቤት ያለው ስስታም ሆኖ አይጠብቅም። የእርሻ ማዳበሪያ ተወዷል፣ ገበያ በውጊያ ይዘጋል፣ ለጾም መፍቻ የሚታረደው የሚገዛው ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ ነው። ብዙ እናቶችም ልጄ ትምጣልኝ እንጂ ምን ቸገረኝ እንደሚሉ አውቃለሁ። ችግሩ ይህን የሚሉት ለጎረቤት መሆኑ ነው። ለልጅቱ በስልክ የሚነገራት «በዓሉ ደረሰ እኮ» ነው፤ አራት ቃል ሳይሞላ ሁሉንም ይናገራል። አቀባበል ይታረም የምለው ይህን ነው። ቤት ያለው ሰው ቀድሞ፣ ገና ሳይደርስ፣ በግልጽ ቋንቋ «የምትልኪው ነገር የለም፤ ነዪ» ካላለ፣ ስደት ላይ ያለው በራሱ ይህን ሊገምት አይችልም። ገምቶም አያምነውም። ነዪ ማለት መንገዱ ክፉ ከሆነ ደግሞ «እዚያው ቆዪ፤ እኛ እንልካለን» ማለትንም ይጨምራል።

እኛ እንልካለን ማለት ቀልድ አይደለም። ድሮም ቢሆን ከጭልጋ ወደ ገዳሪፍ የሚሄድ ነገር ነበር፤ ድርቆሽ፣ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሃይላንድ የተሞላ ጠበል። ስጦታ ብሎ የቆጠረው የለም፤ ስንቅ ነው የሚባለው። የልደቱን ታሪክ የሚያነብ ሰው ስጦታውን የተቀበለው ቤተሰብ ወዲያው ወደ ግብፅ እንደተሰደደ ያስተውላል፤ የሰብአ ሰገል ወርቅ ለስደቱ ስንቅ ሆነ ሲባልም እሰማለሁ። ከሦስቱ ገጸ በረከቶች አንዱ የሆነው ዕጣን በዚሁ በመተማና በቋራ በረሃ ይበቅላል፤ በገና ሰሞን ቅርፊቱ እየተፋቀ ሙጫው በሚለቀምበት ወቅት ነው። እንግዲህ ስጦታ ወደ ስደተኛው መሄዱ ከጥንቱም ያልነበረ ነገር አይደለም።

ያቺን የጭልጋ ልጅ ጦርነቱ ከተጀመረ በኋላ በስልክ አግኝቻት ነበር። በ2016 ገና ምንም አልላከችም፤ ስለዚህ አልደወለችም። ከዚያ በኋላም ለወራት አልደወለችም። በመጨረሻ አንድ ነጋዴ ፈልጎ አገኛትና ከእናቷ የተላከ ማዳበሪያ ሰጣት። ከታች ድርቆሽ፣ ከላዩ በርበሬ፣ በጨርቅ የታሰረ ሽሮ። ከሁሉ በላይ ያ ቶብ ነበር፤ እጥፋቱ ሳይፈታ፣ ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት ሳይነሣ። እናቷ በነጋዴው በኩል የላኩላት ቃል አጭር ነው፤ «እዚያ ዋጋ ያወጣል። ሸጠሽ መሳፈሪያ አድርጊው።»

ሸጠችው። መሳፈሪያው እስከ ሸኸዲ ነው ያደረሳት። ከሸኸዲ እስከ ጭልጋ ያለውን መሳፈሪያ፣ ጫማ የላከችለት ወንድሟ መናኸሪያ ድረስ መጥቶ ከፈለላት።